«ፖሊስ ሐኪም አይደለም» እና ስለ ታሳሪ ጤና የምንሳሳትባቸው ሌሎች ነገሮች

ዘመድ ታስሮበት ጣቢያ ስንቅ ያመላለሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ኪኒኑ ጋ ሲደርስ ግን ክርክር ይነሳል። የባሰው ደግሞ ብዙዎቻችን ለዚህ የሚሰጠውን ምክንያት ልክ ነው ብለን መቀበላችን ነው። ስለዚህ የሚባሉትን ነገሮች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፖሊስ ሐኪም አይደለም፣ ስለዚህ አይመለከተውም»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ፖሊስን መርምር፣ መድኃኒት እዘዝ ያለው የለም። የሚጠበቅበት ሰውየው ሲገባ «ሕመም አለብህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ማየት፣ ባለሙያ መጥራት፣ ባለሙያው ያለውን ደግሞ መፈጸም ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1979 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ በአንቀጽ 6 ይህንኑ ይላል፦ በእጃቸው ያለን ሰው ጤና ሙሉ በሙሉ መጠበቅ፣ ሕክምና ሲያስፈልገውም ወዲያው እንዲያገኝ ማድረግ አለባቸው። ደግሞስ ውጭ ያለ ሰው ሲያመው ታክሲ ይይዛል፣ ጎረቤት ይጣራል፣ ፋርማሲ ይሄዳል፤ የተቆለፈበት ሰው ከነዚህ አንዱንም ማድረግ ስለማይችል ያ ሁሉ ወደ ቆለፈበት ሰው ይዞራል።

«ወንጀለኛ ነው፣ ምን መብት አለው?»

ጣቢያ ያለ ሰው ተጠርጣሪ ነው፣ ገና አልተፈረደበትም። ቢፈረድበትም ለውጥ የለውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉትንም የተፈረደባቸውንም በአንድ ላይ ጠቅሶ ሰብዓዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ፣ ከቤተሰብና ከጠበቃ በተጨማሪ ከሐኪማቸውም ጋር እንዲገናኙ ይፈቅዳል። አዎ፣ ሐኪም የሚለው ቃል እዚያው አለ።

«ሰክሮ ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል»

ብዙ ሰው የሚሞትበት ስህተት ይሄ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የደም ስኳሩ የወረደበት የስኳር ሕመምተኛ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይተሳሰርበታል፣ አንዳንዴም ይሳደባል፣ ይጋፋል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥለዋል። ስትሮክም የሚጥል በሽታም እንደዚያው ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ሰውየው ጠጥቶም ጭንቅላቱ ተመትቶም ሊሆን መቻሉ ነው፤ የመጠጥ ሽታ ሌላ ሕመም የለም ማለት አይደለም።

በእንግሊዝ የፖሊስ ደንብ ሰክሮ የገባን ሰው ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ገብተው ይቀሰቅሱታል። በበር ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አይበቃም። «ስምህ ማነው? የት ነው ያለኸው? እጅህን አንሳ» ይሉታል፣ ካልመለሰ ሐኪም ወይም አምቡላንስ ይጠራል። ይሄ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። እኛም ጋ 907 መደወል ከባድ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሰው ድንገት መጠጥ ሲቋረጥበት አደጋ ላይ ይወድቃል። መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅዠትና የሚጥል ሕመም ሊከተል ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። «አሁንማ በርዶለታል» የሚባለው ደግሞ ልክ በዚያው ሰዓት ነው።

«እያወራ አይደል እንዴ? ስለዚህ ይተነፍሳል»

ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. በፖሊሶች እጅ ሲሞት ሲባል የነበረው ይሄው ነው። 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ በሆዱ ተኝቶ ተጫኑት፣ መተንፈስ አልቻልኩም እያለ። በችሎቱ የመሰከሩት የሳንባ ሐኪም ማርቲን ቶቢን፣ መናገር የሚችል ሰው በቂ አየር እያገኘ ነው የሚለው እምነት የውሸት መተማመን እንደሚፈጥር አስረዱ። አሁን የሚያወራው ሰው ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ላይተነፍስ ይችላል። ካቴና የገባለትን ሰው በሆዱ አስተኝቶ መጫን አደገኛ እንደሆነ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገና በ1995 እ.ኤ.አ. ለፖሊሶች ጽፎ ነበር፤ ካቴናው እንደገባለት ወዲያው ከሆዱ አንሱት ብሎ።

«እኔ አልነካሁትም፣ አለቃዬ ነው»

ከዚያው ጉዳይ ሳንወጣ። ፍሎይድ አንገት ላይ ጉልበቱን ያሳረፈው ፖሊስ የተፈረደበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ያልተወራው የሦስቱ ባልደረቦቹ ነገር ነው። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ፍርድ ቤት ሦስቱንም ጥፋተኛ ያላቸው ሕክምና እንደሚያስፈልገው እያዩ ዝም በማለታቸው ነው። ከመካከላቸው እግሩን የያዘው ለሥራው አዲስ ነበር። በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ጠይቋል፣ በኋላም አምቡላንስ ውስጥ ገብቶ ደረቱን ተጭኖ ሊያድነው ሞክሯል። እንዲያም ሆኖ 2 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ጨከኑበት የሚል ይኖራል፣ እኔ ግን ዳኞቹ ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ ጠይቆ «አይሆንም» ሲሉት ዝም ማለቱ ነው ጥያቄው።

«እያስመሰለ ነው፣ ሊያመልጥ ፈልጎ ነው»

የሚያስመስል አለ፣ አልክድም። ግን ማስመሰሉን የሚለየው ማነው? የማንዴላ ሕጎች የሚባሉት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የታሳሪዎች አያያዝ ደንቦች፣ የሕክምና ውሳኔ የባለሙያ ብቻ ነው፣ ሌላ ሠራተኛ ሊሽረው ወይም ችላ ሊለው አይችልም ይላሉ። እንዳያመልጥ የሚፈራ ካለ ጠባቂ አብሮት ይሂድ። ጥበቃ የፖሊስ ሥራ አይደል?

«ቤተሰብ መድኃኒቱን ካመጣ አለቀ»

አላለቀም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግቡም ሰዓቱን መጠበቅ አለበት፤ ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሳይወጋ ከዋለ ካደረ ደግሞ ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ደሙ አሲድ ወደሚበዛበት አደገኛ ሁኔታ ይሄዳል። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ያውም በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ቲቢው የሁሉም ነው። ቤተሰብ ሩቅ አገር ያለበት ወይም ጭራሽ ዘመድ የሌለውስ? በማንዴላ ሕጎች ሕክምናው በነጻ፣ ደረጃውም ውጭ ካለው ሰው እኩል ነው፣ ግዴታውም የመንግሥት ነው።

«ዳኛ ፊት ስለ ሕመም አይወራም»

ይወራል! የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለመንገድ የሚወስደው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይቆጠር። እዚያ «መድኃኒቴን አልተሰጠኝም፣ ሕክምና እንዳገኝ ትዕዛዝ ይሰጥልኝ» ማለት ይቻላል። ጠበቃ ካለ እሱ ይበል፣ ከሌለ ታሳሪው ራሱ ይበል። የሐኪም ወረቀት ካለ ቤተሰብ ኮፒውን ይዞ ይምጣ፣ ትዕዛዙም መዝገብ ላይ መጻፉን ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «አልተነገረንም» ሲባል የሚከራከርላችሁ ያ ጽሑፍ ነው።