«ዋስ ሁነኝ» ለሚል ወንድም ምን እንመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ አሥራት፣ ስለ ምጽዋት፣ ስለ አራጣ ክፋት ብዙ ተምረናል። ስለ ዋስትና ግን በዐውደ ምሕረት ሲነገር እምብዛም አንሰማም። ነገሩ ግን በየቤታችን አለ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ጥራ ይባላል። በገንዘብ ያዥነት ወይም በንብረት ጠባቂነት የሚቀጠር ሰው ተያዥ ይጠየቃል። ከብድርና ቁጠባ ተቋም የሚበደረው ደመወዝተኛ ዋስ ፍለጋ ይዞራል፤ መያዣ የሌላቸው ደግሞ በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ይዋሳል። አሜሪካ ያላችሁትም «መኪና ልገዛ ነው፣ ኮሳይን አድርግልኝ» (ብድሩ ላይ አብረኸኝ ፈርመህ ዋስ ሁነኝ) የሚለውን ስልክ ታውቁታላችሁ።

የሚጠይቀንም ሩቅ ሰው አይደለም። የአክስት ልጅ ነው፣ የጽዋ ማኅበር ወንድም ነው፣ አብሮ አደግ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ ብዙዎቻችን ገንዘቡን ሳይሆን «ምን ይለኛል?» የሚለውን እናስባለን። ይሉኝታ እስክሪብቶውን ያስጨብጠናል፤ እኛም በፍቅር የፈረምን ይመስለናል። በፍቅርና በይሉኝታ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም ነው። በፍቅር የፈረመ ሰው አስቀድሞ አስቦበታልና ያዝናል፣ ይከፍላል። በይሉኝታ የፈረመው ግን ይራገማል፤ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል፣ አንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህኛው ኪሳራ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፉ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። በምዕራፍ 22 የምትከፍለው ከሌለህ ምንጣፍህን ከበታችህ ለምን ይወስዱብሃል ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ያሳየናል። በምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይናገራል፤ እዚያው ላይ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋ፣ ከአገር እንዳሰደደም ይነግረናል። በምዕራፍ 8 ላይ ያለው ምክር ግን ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው፦ ከዐቅምህ በላይ አትዋስ፤ ከተዋስህም እንደሚከፍል ሰው ሆነህ አስብ። አሁኑኑ ዕዳው የእኔ ቢሆን እከፍለዋለሁን? ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ማለት የማይችል ሰው ሊፈርም አይገባውም።

አሁን ወደ ኦሪት ዘፍጥረት እንሂድ። የያዕቆብ ልጆች በረሀብ ዘመን እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ወርደው ነበር። በግብፅ የነበረው የአገር ገዥ (ወንድማቸው ዮሴፍ መሆኑን አላወቁም) ታናሹን ብንያምን ካላመጣችሁ ፊቴን አታዩም ብሏቸዋል። አባታቸው ያዕቆብ ደግሞ ልጁን አልሰጥም አለ። በዚህ ጊዜ ሁለት ልጆች ዋስ ሊሆኑ ቀረቡ። መጀመሪያ የቀረበው በኵሩ ሮቤል ነው። ምን ብሎ? «ወደ አንተ መልሼ ባላመጣው ሁለቱን ልጆቼን ግደል።» ያዕቆብ አልተቀበለውም። ከዚያ ረሀቡ ሲጸና ይሁዳ መጣና እኔ ስለ እርሱ እዋሳለሁ፣ ከእኔ እጅ ትፈልገዋለህ፣ ባላመጣውም በዘመኔ ሁሉ በደለኛ ልሁን አለ። አባትየውም በይሁዳ ቃል ልጁን ሰጠ።

ወንድሞቼ፣ በእነዚህ ሁለት ዋሶች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ሮቤል ያስያዘው ራሱን አልነበረም፤ ስለ ነገሩ ምንም ያልሰሙትን ልጆቹን ነው። ይሁዳ ያስያዘው ራሱን ነው። ቀኑ ደርሶ የገዥው የብር ጽዋ በብንያም ስልቻ ሲገኝም አልሸሸም፤ በገዥው ፊት ቆሞ ብላቴናው ከወንድሞቹ ጋር ይሂድ፣ እኔ በእርሱ ፈንታ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። ይህ ሰው ቀድሞ ዮሴፍን እንሽጠው ብሎ የመከረው ያው ይሁዳ መሆኑን ሳስብ ንስሓ ሰውን ምን ያህል እንደሚለውጥ እደነቃለሁ።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ሚስቱ ሳታውቅ ለ300,000 ብር ብድር ዋስ ሆኖ የፈረመ ባል ከሁለቱ ማንን ይመስላል? ደመወዙ 15,000 ብር ነው እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ከሠራተኛው ወርኃዊ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ያዝዛል። ሲሶው 5,000 ብር ነው። ወለዱን ትተን ዋናውን ብቻ ብናሰላ እንኳ 60 ወር፣ ማለትም አምስት ዓመት ሙሉ ይቆረጥበታል። በእነዚያ ዓመታት የሚጎድለው የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የእናቱ መድኃኒት ነው፣ የቤቱ ጤፍና ዘይት ነው። እርሱ ስሙን አኑሯል፤ መያዣ ሆነው የቀረቡት ግን ምንም ያልተጠየቁት ልጆቹ ናቸው። ሮቤልም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደርም ሆነ በዚህ መጠን ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ ያየዋል። ለእኛ ግን ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው ብለን ለምናምን ሰዎች ሕጉ ባይኖር እንኳ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንዱ ሥጋ ሳያውቅ ሌላው ሊያስይዘው አይችልም። እኅቶች ሆይ፣ ለእናንተም ያው ነው፤ ለወንድማችሁ ብላችሁ ከባላችሁ ደብቃችሁ አትፈርሙ።

ሕጉን ካነሣሁ አይቀር፣ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። በተለይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ የሆነ ቅጽ ላይ «በኋላ ይሞላል» ሲሏችሁ አትፈርሙ። ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። «መጀመሪያ እርሱን ያዙት» የሚለው መከራከሪያ እዚያ ላይ አይሠራም። በአሜሪካም ኮሳይን ለሚያደርግ ሰው የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይህንኑ ይናገራል፤ አበዳሪው ከተበዳሪው ለመሰብሰብ ሳይሞክር ከአንተ ሊሰበስብ ይችላል ይላል። ደግሞም ተበዳሪው ክፍያ ባሳለፈ ቁጥር የእናንተም የክሬዲት ታሪክ (የብድር አከፋፈላችሁ መዝገብ) ሊበላሽ ይችላል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ጌታ «ለሚለምንህ ስጥ፣ ከአንተም ይበደር ዘንድ ከሚወደው ፈቀቅ አትበል» ብሎ የለም ወይ ይላል። ብሏል፤ ቃሉንም ልናለሰልሰው አይገባም። ነገር ግን ጌታችን ስጥ፣ አበድር ሲል በእጅህ ስላለው ነው የተናገረው። በእጅህ የሌለውን፣ የልጅህን የነገ እንጀራ አስይዝ አላለም። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ቃል የሚወቅሰው «ዋስ አልሆንም» ያለውን ሰው ሳይሆን «ዋስ አልሆንም» ብሎ በሩን የዘጋውን ሰው ነው። የ300,000 ብር ዋስትና ከዐቅምህ በላይ ከሆነ የማይመለስ 10,000 ብር መስጠት ትችል ይሆናል። ወይም ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለህ ብድሩ በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ፣ በትንሹ መጀመር ይችል እንደሆነ አብረህ ማሰብ ትችላለህ። ለሠርግ ድግስ የሚበደርን ሰው «ድግሱን አሳንሰው፣ እኔ በጉልበቴ አግዝሃለሁ» ማለት ከመፈረም የበለጠ ወንድማዊ ሥራ ነው።

ለመዋስ የሚገባ ጊዜም አለ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና ስለ ባሪያው ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ የበደለህ ወይም ብድር ያለበት ቢሆን በእኔ ላይ ቁጠረው ብሏል። ቀጥሎም በገዛ እጄ እጽፋለሁ፣ እኔ እከፍላለሁ አለ። ያን ጊዜ ጳውሎስ እስረኛ ነው። ግን ስለ ማን እንደሚዋስ ያውቃል፤ አናሲሞስ በእስራቱ ሳለ በእምነት የወለደው ልጁ ነው። ለማን እንደሚከፍልም ያውቃል። ከሌላ ሰው ቤትም አላስያዘም፤ በእኔ ላይ አለ እንጂ። ሰውየውን የምታውቁት፣ መጠኑን የምትችሉት፣ ቤተሰባችሁ የተስማማበት ከሆነ በጸሎት ፈርሙ፤ የተቀደሰ ሥራ ነው።

የተቀደሰ ነው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 7 ቅዱስ ጳውሎስ ጌታችን ከይሁዳ ነገድ እንደ ወጣ ይነግረንና በዚያው ምዕራፍ ኢየሱስ ለሚሻል ኪዳን ዋስ እንደ ሆነ ይጽፋል። ብላቴናው ይሂድ እኔ ልቅር ካለው ከይሁዳ ዘር፣ እናንተ ሂዱ እኔ ልሰቀል ያለው ጌታ ተወለደ። እርሱ ስለ እኛ ሲዋስ መክፈል እንደማንችል አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ገባበት፤ የገዛ ደሙንም ከፈለ። የእኛ ዋስትና ከእርሱ ዋስትና መማር ያለበት ይህን ነው፤ እያወቁና ከራስ ከፍሎ።

ለተበዳሪዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ሲራክ ሰው ብድሩን እስኪቀበል ድረስ እጅ ይስማል፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ጊዜ ያራዝማል ብሎ ይወቅሳል። የዋስህን ውለታ አትርሳ፣ ነፍሱን ስለ አንተ ሰጥቷልና ይላል ደግሞ። ሥራህ ከተበላሸ፣ የዚህ ወር ክፍያ ካልተሟላ፣ ከባንኩ በፊት ለዋስህ ንገረው። ስልክህን አትዝጋ፣ መንገድ አትቀይር። የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የገንዘቡ መጥፋት ሳይሆን ዋሱ ነገሩን ከአበዳሪው ደብዳቤ ማወቁ ነው።

አሁን ፈርመው የተጨነቁም አላችሁ። ሰሎሞን በምሳሌ ምዕራፍ 6 የሚናገረው ለእናንተ ነው፦ ሂድ፣ ተዋረድ፣ ባልንጀራህን ነዝንዘው፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፤ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደሚያመልጥ ራስህን አድን። «ወንድሜን መጠየቅ ያሳፍራል» አትበሉ፤ ጠይቁ የሚላችሁ መጽሐፉ ነው። ወደ አበዳሪው ሄዳችሁ ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ተበዳሪው ከባድ ችግር ላይ ከሆነ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም አብራችሁ አመልክቱ፤ ውዝፉ ሳይከመር ሲኬድ መግባባት ይቀላል።

የከፈላችሁት ካለ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ስለ ሌላ ሰው የከፈለ ዋስ ከተበዳሪው የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ይቅርታና ይህ መብት አይጋጩም። ወንድማችሁን ከልባችሁ ይቅር ብላችሁ፣ ዐቅም ሲኖረው እንዲመልስ በሽማግሌ ፊት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ተስማሙ። በፍጹም የሌለው ከሆነና ልትተዉለት ካሰባችሁ ደግሞ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተመካከሩ፣ ለንስሓ አባታችሁም ንገሩ፤ ከዚያም ተዉለትና ለእርሱ ራሱ በአፋችሁ ንገሩት፣ ከእናንተ መሸሹን እንዲያቆም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።