«ይዞራል፣ ግን አይነሳም» ማለት ምንድን ነው?

አንድ መኪና ጠዋት እምቢ ሲል ባለቤቱ ለመካኒኩ ደውሎ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ «መኪናዬ አልነሳ አለ» የሚል ነው፤ ይህ አነጋገር ግን ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ብልሽቶችን በአንድ ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ቁልፉ ሲጠመዘዝ «ቀጭ» ከማለት በቀር የሚሰማ ነገር ስለሌለ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው፣ ወደ ባትሪው ማሰሪያዎች ወይም ሞተሩን ለማስነሳት ወደሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማለትም ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። በሁለተኛው ሞተሪኖው ሞተሩን እንደ ወትሮው ያዞረዋል፣ የተለመደው ድምፅም ይሰማል፣ ሞተሩ ግን በራሱ ኃይል መሥራት አይጀምርም። «ይዞራል፣ ግን አይነሳም» የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 200 ዙር ያህል ካዞረ ድርሻውን ተወጥቷል። እንግዲህ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሰፈር ልጆችን ለምኖ ማስገፋትም ላብ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም መግፋት የሚተካው ሞተሪኖውን እንጂ የጎደለውን ነገር አይደለም። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ግን ባትሪው ደክሟል ማለት ነው፤ በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ለሞተሩ ኮምፒዩተርም የሚበቃ ኃይል ላይሰጥ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ እሱን ማስሞላት ይገባል።

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት አየር፣ ቤንዚን፣ በካንዴላ የሚፈጠር የእሳት ብልጭታና በቂ ኮምፕሬሽን (የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ በሲሊንደሩ ውስጥ መታመቅ) ያስፈልገዋል፤ እነዚህም በትክክለኛው ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። አየር በድንገት የሚጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት ስለሆነ ምርመራው በተለምዶ በቤንዚንና በእሳት መካከል ያለ ክርክር ነው፤ ዳኛው ደግሞ ካንዴላው ራሱ ነው። ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች አዙሮ አንድ ካንዴላ ሲነቀል ጫፉ በቤንዚን ርሶ ከተገኘ፣ ቤንዚኑ ደርሷል፣ እሳቱ ግን ጠፍቷል ወይም ደክሟል። ጫፉ ደረቅ ከሆነና የቤንዚን ሽታም ከሌለ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዳንዴ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ በተደጋጋሚ ሙከራ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ በኮምፒዩተር ትእዛዝ በሚረጭባቸው (ኢንጄክሽን ባላቸው) ብዙ መኪኖች የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጦ ማዞር ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን እንዲያቋርጥ ያደርገዋል።

ቤንዚኑ ካልደረሰ በቅድሚያ ጋኑ ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ያረጀ ጠቋሚ ግማሽ እያሳየ ባዶ ጋን ይዞ መሄዱ ያልገጠመው ሾፌር ጥቂት ነው። ቀጥሎ ፊውዙና ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ)፣ ከዚያም በጋኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ ይታያል። በብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጓራ ከኋላ ወንበር በኩል ይሰማል። አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ግን ፓምፑን የሚያስነሱት ሞተሪኖው ሲያዞር ብቻ ስለሆነ፣ ዝምታውን ብቻ ሰምቶ ፓምፕ መቀየር ችኮላ ነው።

እሳቱ ከጠፋ፣ በተለይም ቤንዚኑም አብሮት ከጠፋ፣ ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ዙር የሚከታተለው ሴንሰር ነው። ኮምፒዩተሩ የዚህን ሴንሰር ምልክት ካላገኘ ሞተሩ መዞሩን ስለማያውቅ እሳትም ቤንዚንም አይልክም። በሚዞርበት ጊዜ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቀስት ከዜሮ ንቅንቅ አለማለቱ ወደዚሁ ይጠቁማል፤ ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪናም እንዲሁ ነው። የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ወደ ብረቱ በማስጠጋት እሳት መፈተሽ በድሮዎቹ መኪኖች የተለመደ ቢሆንም፣ በአሁኖቹ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ኮይል ወይም ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ባይሞከር ይመረጣል። በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሌላውን ቁልፍ መሞከር ከማንኛውም መፍቻ ይቀድማል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን በጆሮ የሚታወቀው ነው። ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖና ቀሎት፣ ያለምንም መቆራረጥ «ዊርርር» እያለ የሚዞር ከሆነ ኮምፕሬሽን የለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቤልት መበጠስ ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን አንድ ጊዜም ቢሆን ደግሞ ማዞር አይገባም፤ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ወጥቶ የተከፈተውን ቫልቭ ስለሚመታው፣ በቤልት ሊያልቅ ይችል የነበረው ወጪ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ወደማስከፈት ይሻገራል። በሌሎቹ ብልሽቶችም ቢሆን ከ10 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ ማዞር ሞተሪኖውን ሊያቃጥለው ይችላል።

የናፍጣ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከታመቀው አየር ሙቀት ስለሆነ የካንዴላው ዳኝነት እሱን አይመለከትም። እዚያ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት በብርድ ጠዋት የማይሞቁ ካንዴሌታዎች፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር የሚያሞቁት ዘንጎች፣ እና በነዳጁ መስመር የገባ አየር ናቸው፤ በተለይ ናፍጣው አልቆ እንደገና የተሞላ እንደሆነ፣ በናፍጣ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት ብቻውን ሊያስነሳው ይችላል።