ዚካኦ ምንድን ነው? ኮሌጅ እንዳትሉኝ ብቻ

ሰሞኑን አንድ ሰው «ቻይና ውስጥ የራስ ጥናት ኮሌጅ የሚባል አለ፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሞጁል እያነበቡ ዲግሪ ይወስዳሉ» ብሎ ሲያስረዳ አየሁ። ሌላው ተቀበለውና «ለዚህ እኮ ነው ተመራቂዎቻቸው እንግሊዝኛ የማይናገሩት፤ ወረቀቱ ውሸት ነው» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሥራዬ የቋንቋ ምዘና ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም።

የቻይንኛው ቃል «ዚካኦ» ነው። ዚ ማለት ራስ፣ ካኦ ማለት ፈተና። ሲዘረዘር «የከፍተኛ ትምህርት የራስ ጥናት ፈተና» ይሆናል። የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ፈተና ነው የሚለው። ኮሌጅ የለም። ምዝገባ አለ፣ ግን ለፈተናው ነው። መምህር የለም፣ ክፍል የለም፣ የመግቢያ ነጥብ የለም፣ ሞጁል የሚልክላችሁ ሰውም የለም። የራስ የሆነው ጥናቱ እንጂ ፈተናው አይደለም። ፈተናውማ አዳራሽ ውስጥ፣ መታወቂያ ታይቶ፣ ሌላው ሁሉ በሚቀመጥበት ቀንና ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይሰጣል፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ።

«ታዲያ ከርቀት ትምህርት በምን ይለያል?» ለሚለኝ፦ በርቀት ትምህርት ተማሪ ናችሁ። ተቋም አላችሁ፣ የሚያስተምራችሁም የሚፈትናችሁም እሱ ነው። በዚካኦ የማንም ተማሪ አይደላችሁም። ቻይና ውስጥ ለአዋቂዎች የሚሰጥ ሌላ ፈተናም አለ፤ ቼንግካኦ ይሉታል። እሱ የመግቢያ ፈተና ነው፣ ካለፋችሁ በኋላ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ። ዚካኦ ግን መውጫ ብቻ ነው፣ መግቢያ በር የለውም። ቻይናውያን ራሳቸው ሲገልጹት መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ይሉታል።

ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንዳስፈለገ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በባህል አብዮቱ ዘመን ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ1977 ሲመለስ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈትኖ የገባው ወደ 270 ሺህ ብቻ ነበር። የቀረውን ሕዝብ የሚይዝ ወንበር አልነበረም። ወንበር ከሌለ ምን ይደረጋል? ፈተናውን ከወንበሩ መለየት። በ1981 ቤጂንግን ጨምሮ በጥቂት ቦታዎች ሙከራው ተጀመረ፣ በ1988 መንግሥት ደንብ አወጣለት። ደንቡ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ብሔር፣ የትምህርት ደረጃ ሳይለይ ማንኛውም ዜጋ መፈተን ይችላል ይላል።

እኔ ሁልጊዜ በሚዛን ነው የማስረዳው። እህል በረንዳ ጤፍ ጭኖ የመጣ ገበሬ አስቡ። ሚዛን ያዡ «ማን አረሰልህ? በየትኛው በሬ?» አይለውም። ጆንያውን ያስቀምጣል፣ ያነባል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ዚካኦም እንደዚያ ነው። ሙሉው ጆንያ 100 ነው፣ አንድ ኩንታል በሉት። 60 ኪሎ ከሞላ ያልፋል። 59 ከሆነ ይመለሳል፤ ገበሬው ሌላ ጊዜ አሟልቶ ያምጣው። ሁሉንም ጆንያ በአንድ ቀን ማምጣት የለበትም። ዘንድሮ ሁለት፣ ለከርሞ ሦስት። ያለፈው ደረሰኝ ተይዞ ይቆያል። አንድ የትምህርት መስክ ከ10 በላይ ጆንያ ስለሚጠይቅ ዓመታት ይፈጃል። ደረሰኞቹ ሲሟሉ የክፍለ ሀገሩ የፈተና ኮሚቴና ዋና ፈታኝ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ማኅተማቸውን ያደርጉበታል። ዩኒቨርሲቲው እርሻ አይደለም፤ ማኅተም ያዥ ነው። «የእገሌ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም አለበት፣ እዚያ ተምሯል ማለት ነው» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

(እግረ መንገዴን፦ ምረቃና ዲግሪ እዚያ አንድ አይደሉም። የምረቃ ወረቀቱን አግኝቶ የባችለር ዲግሪ ያላገኘ ሰው ሞልቷል። ዲግሪው የራሱ መስፈርት አለው፤ የውጭ ቋንቋ ብዙ ጊዜ አንዱ ነው፣ ዝርዝሩም እንደ ክፍለ ሀገሩና እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። በባችለር ደረጃው ለመመረቅ ደግሞ ከዚያ በታች ያለው የኮሌጅ ዲፕሎማ በእጅ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ «በር የለውም» ያልኩት ለታችኛው ደረጃ ነው። ሙያዬ ሳያስጠነቅቅ ማለፍ አይችልም፣ ይቅርታ።)

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። እንግሊዝኛ ሁሉም ሰው ለመጨረሻ የሚያቆየው ጆንያ ነው። በባችለር ደረጃ ያለው «እንግሊዝኛ ሁለት» ለብዙ ዓመታት በኮድ 00015 ሲሰጥ 14 ክሬዲት ይዞ ኖሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኮዱም ተቀይሯል፣ ክሬዲቱም ወደ 7 ወርዷል። እዚህ የምናገረው ስለ 00015 ነው፣ በደንብ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

«ለዚካኦ እንግሊዝኛ መለማመድ» ሲባል የእኛ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ካፌ ቁጭ ብሎ ከፈረንጅ ጋር ማውራት ነው። የለም። የ00015 ፈተና 150 ደቂቃ ነበር፣ ማዳመጥ አልነበረበትም፣ መናገር አልነበረበትም። አንብቦ እውነት፣ ሐሰት ወይም አልተጠቀሰም ማለት 10 ነጥብ። አንብቦ መምረጥ 10። የአንቀጽ ርዕስ ማግኘትና ዓረፍተ ነገር ማሟላት 10። ከጽሑፍ የወጡ ዓረፍተ ነገሮችን ወደ ቦታቸው መመለስ 10። ከተሰጡ ቃላት ክፍት ቦታ መሙላት 15። በቅንፍ ያለን ቃል ትክክለኛ ቅርጹን አስይዞ መጻፍ 15። አጭር ድርሰት 30።

እስቲ ደምሩት። የሚመረጡትን ሁሉ አንድም ሳትስቱ ብትመልሱ 55 ነው የምታገኙት። 55 አያሳልፍም! የምርጫ ጥያቄ በግምት ይታለፋል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። የግድ ከራሳችሁ እጅ የሚወጣ ነገር ያስፈልጋል። ድርሰቱን ባዶ የተወ ደግሞ ከቀረው 70 ውስጥ 60 ማምጣት አለበት። ሆኖም ብዙ ተፈታኝ ጊዜውን በሙሉ የቃላት ዝርዝር ሲሸመድድ ይፈጃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ።

የቻይንኛ ተናጋሪን የሚጥለው በቅንፍ ያለው ቃል ነው። በቻይንኛ «ቹ» ማለት መሄድ ነው። ትናንትም ቹ፣ ነገም ቹ። እኔም ቹ፣ እሷም ቹ፣ እነሱም ቹ። ድርጊቱ መፈጸሙን የምታሳይ «ለ» የምትባል ቅንጣት አለች፤ ግሱ ራሱ ግን አይነካም። (ይህን ሰምቶ «ቻይንኛ ሰዋስው የለውም» የሚል ካለ ለእሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።) እኛ «ሄደች» ስንል ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ጎ» ተነስቶ «ዌንት» ሲሆን አማርኛ ተናጋሪ ቅርጹን ይሳሳት እንደሆነ እንጂ ግስ መለወጡ ራሱ አይገርመውም። ቻይናዊው ግን ግሱ ለምን እንደሚቀየር ራሱን ማሳመን አለበት። ያውም በየዓረፍተ ነገሩ፣ ሰዓት እየቆጠረበት። «ሳክሰስ»፣ «ሳክሲድ» እና «ሳክሰስፉል» ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ይመስላሉ፤ በቋንቋው ብዙ ጊዜ አንዱ ቃል ስምም ግስም ቅጽልም ሆኖ ያገለግላልና።

ሌላው ወጥመድ «አልተጠቀሰም» የሚለው አማራጭ ነው። ይሄኛው የቻይናውያን ብቻ ችግር አይደለም፣ ብዙ በሚያውቅ ሰው ላይ ሁሉ ይደርሳል። ጽሑፉ «ቡና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ» ይላል እንበል። ጥያቄው «አውሮፓውያን ቡናን ከሻይ አስበልጠው ወደዱት» ይላል። እናንተ ስለ ቡናና ስለ ሻይ የምታውቁት ነገር አለ። እሱን ለፈተናው ብትነግሩት ነጥብ ታጣላችሁ። ጽሑፉ አላለም፣ አለቀ። እውቀትን ደጅ ትቶ መግባት ከባድ ልምምድ ነው። ተፈታኞቹ «ዠንቲ» የሚሉትን፣ ማለትም ቀድሞ የወጣ እውነተኛ ፈተናን፣ ደጋግመው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ልምምድ ሲሉ ዠንቲ ማለታቸው ነው።

ወደ ሚዛኑ ልመለስና ጥቂት ልሳበው። አንዳንድ ገበሬ ጤፉን ውኃ ይረጭበታል፣ እንዲከብድ። በዚካኦም ተሸምድዶ የሚገባ ድርሰት አለ፤ መግቢያው፣ መሸጋገሪያው፣ መደምደሚያው በሙሉ ተዘጋጅቶ ርዕሱ ብቻ የሚሰካበት። አስጠኚ ነን ባዮች ይሸጡታል። ጎበዝ አራሚ እርጥብ እህል በእጁ ያውቃል፣ ግን ሁሌ አይደለም። በእኛ መስክ ይሄ የታወቀ ጣጣ ነው። ፈተናው የሚለካውን ሲያውቁ ሰዎች ቋንቋውን ትተው ፈተናውን ይማራሉ። ፈተና ትምህርትን ወደራሱ ይጎትታል።

ስለዚህ ያ አስተያየት ሰጪ «እንግሊዝኛ አይናገሩም» ሲል ላየው ነገር ምስክር አያሻውም። አንዳንዶቹ በእርግጥ አይናገሩም። የተሳሳተው ከዚያ ተነስቶ «ወረቀቱ ውሸት ነው» ማለቱ ላይ ነው። የእህል ሚዛን የጤፉን ጣዕም አይናገርም። ጣዕሙን ሳይለካ ቀረ ብሎ ሚዛኑን ሌባ ማለት ምን ይሉታል? 60 ያመጣ ሰው 60 በመቶ እንግሊዝኛ ያውቃል ማለትም አይደለም፤ እንዲህ የሚባል መጠን የለም። የቀረቡለትን ጽሑፎች አንብቦ፣ ቃላቱን ቅርጽ አስይዞ፣ ወደ 100 ቃል ድርሰት ጽፎ መስመሩን አልፏል ማለት ብቻ ነው። ፈተናው ማዳመጥና መናገርን መተው ነበረበት ወይ ብትሉኝ፣ አልነበረበትም ባይ ነኝ። ግን ይሄ በፈተናው ላይ የሚነሳ ቅሬታ ነው፣ በተፈታኟ ላይ አይደለም።

ተፈታኟ ያልኩት አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው። ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ስማር ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶኮፒ ቤት ነበራት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «ጂዬ» እላት ነበር፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት። አካውንቲንግ በዚካኦ እየሰበሰበች ነበር፤ የቀራት እንግሊዝኛ ሁለት ብቻ። ደንበኛ ሲጠፋ ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጣ በቅንፍ ያሉ ግሶችን ትሠራለች። ደንበኛ ሲመጣ ወረቀቱን ትገለብጣለች። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ሰላም አልኳት። ሳቀችና እጇን አወናጭፋ በቻይንኛ «እሱ አይመጣም» አለችኝ። ፈተናው ላይ አይመጣም ማለቷ ነው።

በኤፕሪሉ 57 አመጣች። ሦስት ነጥብ ስለጎደላት ስድስት ወር ጠበቀች። በኦክቶበሩ 63 ሆነላት። ውጤቱ በወጣ ማግስት የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ላሳትም ስሄድ «በአንድ በኩል የተጻፈበት ወረቀት ላይ ላትምልህ? በግማሽ ዋጋ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስለ ቋንቋ ምዘና የጻፍኩት ረቂቅ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ጀርባው በሙሉ የእሷ 00015 ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ የታረሙ ግሶች።