ስለ ሃይማኖት መሥራች ፊልም መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሃይማኖት መሥራች የሚሠራ መንፈሳዊ ፊልም እንደማንኛውም የታሪክ ፊልም አይደለም። ተመልካቹ ሲኒማ የሚገባው ባለታሪኩን ሊተዋወቅ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ይወደዋል፣ ኑሮውን በቃሉ ይመራል። ይህ ስለሚዘነጋ ስለ ሥራው ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ዋና ዋናዎቹን ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መሥራቹ ካልታየ ፊልም አይሆንም»

ይሆናል እንጂ! ዳይሬክተሩ ሙስጠፋ አቃድ በ1976 ባወጣው «ዘ ሜሴጅ» ውስጥ ነቢዩ ሙሐመድ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ካሜራው እሳቸው ባሉበት ቦታ ይቆማል። ተዋናዩ ሌንሱን ቀጥ ብሎ እያየ ይናገራል። ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ መልሱን እንደሰማ ሰው ይቀጥላል። እኛ የምናየው የሰሚውን ፊት ነው። ታሪኩን የሚሸከሙትም በዙሪያቸው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በተለይ አጎታቸው ሐምዛ።

ለተዋናይ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ፊት ለፊቱ የሚመልስለት ሰው የለም፤ ያለው የካሜራው ሌንስ ብቻ ነው። ፍቅሩንም አክብሮቱንም ከራሱ ማውጣት አለበት። ያውም ፊልሙ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ለየብቻ፣ በተለያዩ ተዋንያን ነው የተቀረጸው። ሐምዛን በአንዱ አብደላ ጌይስ፣ በሌላው አንቶኒ ኩዊን ተጫውተውታል። በእኔ እምነት መሥራቹ አለመታየቱ ፊልሙን አልጎዳውም፤ ጉልበት ሰጠው።

«አለማሳየት የእስልምና ጉዳይ ብቻ ነው»

በፍጹም። የባሃኢ እምነት ተከታዮች መሥራቻቸውን ባሃኦላህን በተዋናይ አያሳዩም። የሲክ እምነት ተከታዮችም መሥራቻቸውን ጉሩ ናናክን ተዋናይ እንዲጫወታቸው አይፈልጉም። የብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ በ1913 ሥራ ሲጀምር ሁለት ቁርጥ ያሉ ክልከላዎች ነበሩት፤ አንዱ እርቃን፣ ሌላው ክርስቶስን በአካል ማሳየት። በ1959 የወጣው «ቤን ሁር» ላይም የክርስቶስ ፊት አይታይም።

ነገሩ ከሲኒማም ይቀድማል። በሕንድ ሳንቺ የሚገኙት ጥንታዊ የድንጋይ ቅርጾች ቡድሃን በሰው መልክ አያሳዩም። የእግር አሻራ፣ ባዶ ዙፋን፣ ዛፍ ተቀርጾ «እዚህ ነበሩ» ይባላል። ዛሬ ፊልም የሚሠራ ሰው ከእነዚያ ጠራቢዎች ብዙ ይማራል።

«አማኝ ያልሆነ ሰው ሊሠራው አይችልም»

ጣሊያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓሶሊኒ አማኝ አልነበረም፤ ማርክሲስት ነበር። በ1964 ግን የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሠራ። ኢየሱስን የተጫወተው ተዋናይ ያልነበረ ስፔናዊ ተማሪ ነው። በዕድሜ የገፋችውን ማርያም ሆና የተጫወተችው የዳይሬክተሩ የገዛ እናት ናት። የቫቲካን ጋዜጣ በ2014 ስለ ኢየሱስ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የላቀው ይህ ነው ብሎ ጻፈ። እምነት ትልቅ ጸጋ ነው። ግን አማኝ ዳይሬክተር «ይህንንማ ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ የሚዘለው ነገር ይበዛል። ለታሪኩ አዲስ የሆነ ሰው አይዘልም።

«ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል»

ገንዘብ ይረዳል፤ ግድ ግን አይደለም። ይኸው የፓሶሊኒ ፊልም የተሠራው በደቡብ ጣሊያን፣ ማቴራን በመሳሰሉ ድሃ ከተሞች፣ ብዙውን ባልሠለጠኑ ተዋንያን ነው።

«ቅዱስ መጽሐፉ ራሱ ስክሪፕት ነው»

ቅዱስ መጽሐፍ «ሄደ፣ አለ፣ ተመለሰ» ብሎ ያልፋል። ካሜራ ማለፍ አይችልም። ሰብአ ሰገልን ውሰዱ። ማቴዎስ ስንት እንደነበሩ አይናገርም፤ የሚጠቅሰው ሦስት ስጦታ ነው። ፊልሙ ግን ሰዎቹን መቁጠር ግዴታው ነው። ልብስም ያለብሳቸዋል፣ ዕድሜም ይሰጣቸዋል። ተመልካቹ ያንን እንደ ወንጌል ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ነው የተጨመረ ንግግር የሚያስፈራኝ። በመሥራቹ አፍ የገባች አንዲት የጸሐፊ ፈጠራ ለዘመናት እንደ ቅዱስ ቃል ልትጠቀስ ትችላለች። ጥንቃቄ የመረጡም አሉ። በ1979 የወጣው «ጂሰስ» የተሰኘው ፊልም የሉቃስን ወንጌል ተከትሎ የተሠራ ሲሆን ከ2000 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ፈጠራ ካስፈለገም በጎረቤቱ፣ በነጋዴው፣ በወታደሩ አፍ ይግባ።

«የሃይማኖት አባቶች ከፈቀዱ አለቀ»

አላለቀም። ለ«ዘ ሜሴጅ» የካይሮው አል-አዝሃር፣ ታዋቂው የእስልምና ትምህርት ተቋም፣ መጀመሪያ የሰጠውን ይሁንታ በኋላ አንስቷል። ከዚያ የባሰው ወሬው ነበር። አንቶኒ ኩዊን ነቢዩን ሆኖ ይጫወታል ተብሎ ተናፈሰ፤ ሐሰት ነው። በመጋቢት 1977 የታጠቁ ሰዎች ዋሽንግተን ውስጥ ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከ100 በላይ ሰዎችን አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፊልሙ እንዲታገድ ነበር። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ተገደለ።

ስለዚህ ከሊቃውንቱ ጋር ከስክሪፕቱ የመጀመሪያ ረቂቅ አንስቶ እስከ መጨረሻው ቅንብር አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ደግሞ ምዕመኑ ከወሬ ሳይሆን ከሠሪዎቹ አፍ፣ ያውም ቀረጻው ሳይጀመር ሊሰማ ይገባል።