ኦፕሎግ ምንድን ነው?

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከጅማ ወጣ ብሎ የቡና መረከቢያ ጣቢያ የደረሰ ሰው ሚዛኑ አጠገብ ያለውን ደብተር ሳያይ አይመለስም። ገበሬው እሸት ቡናውን ያስመዝናል። ጸሐፊው ስሙን፣ ኪሎውንና ዋጋውን ይጽፋል፤ ከዚያ ባለተራው ይቀጥላል። የተጻፈ መስመር አይፋቅም። ስህተት ከተገኘ ከታች ሌላ መስመር ይጨመራል፦ «የእገሌ 40 ኪሎ ወደ 42 ተስተካክሏል»። ማታ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ቀኑ እንዴት እንደዋለ ያውቃል።

ኦፕሎግ የሞንጎዲቢ ዳታቤዝ እንዲህ ያለ ደብተሩ ነው። ስሙ «ኦፕሬሽንስ ሎግ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ የሥራ መዝገብ እንደማለት። አዲስ ሰነድ (ለምሳሌ የአንድ ገበሬ መረጃ) ሲገባ፣ የነበረው ሲቀየር ወይም ሲሰረዝ በቅደም ተከተል ይጻፍበታል። ማንበብ ብቻ ከሆነ ምንም አይጻፍም።

መጀመሪያ የተሠራው ለዳታቤዙ ለራሱ ነው። ሞንጎዲቢ «ሬፕሊካ ሴት» በሚባል የሰርቨሮች ቡድን መሥራት ይችላል። አንዱ ሰርቨር አዲሱን ነገር ሁሉ ይቀበላል፤ ሌሎቹ የእሱን ኦፕሎግ እያነበቡ ያንኑ ይደግማሉ። ዳታን ለሪፖርትና ለትንተና ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግሩ ፓይፕላይኖችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ደብተር ነው።

«በየማታው ዳታቤዙን ምን ተቀየረ ብሎ መጠየቅ አይሻልም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለአንዳንድ ሥራ ይበቃል። ግን ትናንት የተሰረዘውን ሰነድ ጠይቃችሁ አታገኙትም፤ የለማ! ሪፖርቱ ላይ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ኦፕሎግ ላይ ስረዛውም ራሱን የቻለ መስመር ነው።

ስለ ኦፕሎግ በጣም የምወደው ነገር አጻጻፉ ነው። አንድ ገበሬ እስከ ጠዋት 100 ኪሎ አስገብቷል እንበል። አሁን አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ ጨመረ። አፕሊኬሽኑ ለዳታቤዙ «17 ጨምር» ይላል። ኦፕሎግ ላይ የሚጻፈው ግን «117 ይሁን» ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ኔትወርክ ተቆራርጦ ኦፕሎጉን የሚያነበው ሰርቨር ወይም ፓይፕላይን ያንኑ መስመር ሁለቴ ቢያነበውስ? «17 ጨምር» ቢሆን ኖሮ 134 ይመጣ ነበር፤ ገበሬው ያላመጣውን ቡና አምጥቷል ይባላል። «117 ይሁን» ግን አሥር ጊዜ ቢነበብም 117 ነው። ኔትወርክ እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ፓይፕላይን ከኦፕሎግ እንዲያነብ ወደሚያስፈልገው ዝግጅት። የመጀመሪያው እንቅፋት ብዙ ቢሮዎች ያላቸው አንድ ሰርቨር ብቻ መሆኑ ነው። ለብቻው የተነሳ ሞንጎዲቢ ኦፕሎግ የለውም፤ የሚከተለው ሌላ ሰርቨር ስለሌለ ደብተር አይዝም። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮንፊገሬሽኑ ላይ የሬፕሊካ ሴት ስም ትጽፋላችሁ፣ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ታስነሳላችሁ፣ አንዴ የማስጀመሪያውን ትዕዛዝ ትሰጣላችሁ። አንድ አባል ብቻ ያለው ሬፕሊካ ሴት ይሆናል፤ ኦፕሎግም ይኖረዋል። ይህ ግን ባክአፕ አይደለም። ያ ማሽን ከተቃጠለ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ለፓይፕላይኑ የራሱን ተጠቃሚ ክፈቱለት። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አትስጡ። ከ3.6 ስሪት ጀምሮ «ቼንጅ ስትሪም» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከኦፕሎግ የሚመጣውን ለውጥ አጣርቶ ያቀርባል። ለእሱ በሚፈለገው ዳታቤዝ ላይ የማንበብ ፈቃድ ይበቃል። እያንዳንዱ ለውጥ «ሪዙም ቶከን» ይዞ ይመጣል፤ «እስከዚህ ገልብጫለሁ» የሚል ምልክት ነው። ፓይፕላይኑ ተቋርጦ ሲመለስ ከዚያች ምልክት ይቀጥላል።

ደብተሩ የያዘው ግን የቅርቡን ብቻ ነው፤ የቆየው ዳታ በሙሉ በመጀመሪያ አንዴ መገልበጥ አለበት። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ምልክቷን ያዙ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ገልብጡ፣ ከዚያ ከምልክቷ ጀምራችሁ ለውጡን አንብቡ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ግልበጣው ሲካሄድ የተደረገው ለውጥ መሃል ላይ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው መጠኑን ነው። የጸሐፊው ደብተር ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ኦፕሎግ ግን ገጹ የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ ከመጀመሪያው ገጽ እየቀደደ አዲስ ይጽፋል። መጠኑን ካልነገራችሁት ከዲስኩ ባዶ ቦታ 5 በመቶውን ይወስዳል፤ ከ990 ሜጋባይት አያንስም፣ ከ50 ጊጋባይት አይበልጥም።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ሰርቨሩ ጅማ ያለ፣ ሪፖርቱ አዲስ አበባ የሚታይ አንድ ቡና ሰብሳቢ ድርጅት ፓይፕላይን አስተካክዬ ነበር። ሰርቨሩ ሲተከል ዲስኩ ሊሞላ ተቃርቦ ስለነበር ኦፕሎጉ በዝቅተኛው መጠን ቀረ። እኔም አላየሁትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኢንተርኔት ጠፋ። እሁድ አንድ ባልደረባ የቀበሌ ስሞችን አጻጻፍ ለማስተካከል ስክሪፕት አስነሳ። ስክሪፕቱ ስሙን ብቻ በመቀየር ፈንታ የእያንዳንዱን ገበሬ ሰነድ ሙሉ በሙሉ ይተካ ነበር። ሰነዱ ውስጥ ደግሞ የገበሬው ፎቶ አለ። 40,000 ገደማ ሰነድ፣ እያንዳንዱ ወደ 30 ኪሎባይት። ከ1 ጊጋባይት በላይ በአንድ ከሰዓት ኦፕሎግ ላይ ተጻፈ። ሰኞ ጠዋት ኢንተርኔቱ ሲመለስ ፓይፕላይኑ ምልክቷን ይዞ መጣ፤ ገጹ የለም። እንደገና ከዜሮ መገልበጥ ሆነ፣ ያውም ግዢው በደራበት ሳምንት።

ስለዚህ «ኦፕሎጉ ስንት ጊጋ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት ሰዓት ይይዛል?» በሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው መስመር መቼ እንደተጻፉ የሚያሳይ ትዕዛዝ አለ። ያንን ጸጥ ባለ ወር ሳይሆን ግዢው በሚጧጧፍበት ቀን ተመልከቱት። ከዚያ ከምታውቁት ረጅሙ የመብራት ወይም የኢንተርኔት መጥፋት ጋር አወዳድሩት። ካነሰ መጠኑን ማሳደግ ነው፤ ከ3.6 ወዲህ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ከ4.4 ጀምሮ ደግሞ «ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት አትቅደድ» ማለት ይቻላል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ሰነድ ሲሰረዝ ቼንጅ ስትሪም የሚነግራችሁ መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን እንደነበረ አይናገርም። የቀድሞው ይዘት ካስፈለጋችሁ ስሪቱ 6.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ለየስብስቡም (ሰነዶቹ በየዓይነታቸው ለሚቀመጡበት ክፍል) አስቀድማችሁ ታበሩታላችሁ። ከተሰረዘ በኋላ ማብራት ያለፈውን አይመልስም።

የዚያን ድርጅት ዳታቤዝ 96 ሰዓት እንዲይዝ አድርገነዋል። በሰዓት ስትወስኑ ግን ኦፕሎጉ ከተመደበለት መጠን አልፎ ሊያድግና ዲስኩን ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ጣቢያዎቹ ሳይከፈቱ፣ መጀመሪያ የማየው የዲስኩን ባዶ ቦታ ነው።