የቅይጥ አገልግሎት የከተማ መሬት ሊዝ ምንድን ነው?

ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው ደግሞ መኖሪያ የሆነ ቤት በሰሜን ሸዋ ከተሞች አዲስ ነገር አይደለም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ ዋናውን መንገድ ተከትለው ከተሠሩት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ እኔም ያደግሁት ከሱቁ መደርደሪያ ጎን ባለች ጠባብ በር ወደ ማድቤት በሚገባበት ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ በከተማ ፕላን ቋንቋ «ቅይጥ አገልግሎት» የሚባለው ይኸው የቆየ አኗኗር ወደ ላይ በፎቅ ተነሥቶ፣ ምድር ቤቱ ለንግድ፣ መካከሉ ለቢሮ፣ የላይኛው ለመኖሪያ ሲውል የሚያገኘው ስም ነው። ልዩነቱ የጥንቱ ቤት በቤተሰቡ ፈቃድ ብቻ ሲሠራ፣ የዛሬው ሕንፃ የሚያርፍበት መሬት በጊዜ ገደብ፣ በክፍያና በግዴታ ከታሰረ የሊዝ ውል ጋር መምጣቱ ላይ ነው።

ሊዝ የከተማን መሬት ለተወሰነ ዘመን፣ ለተወሰነ አገልግሎት፣ በውል የመጠቀም መብት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት በግል አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጎ፣ በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ቋሚ ንብረት ግን የሠሪው እንደሆነ አጽንቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ሊዝ ነው። ሥርዓቱ በ1986 በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ፣ በ1994 በአዋጅ ቁጥር 272 ተሻሻለ፣ በ2004 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ተተካለት፤ ከዚህ በታች የማስረዳውም በዚህ በመጨረሻው አዋጅ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ በጨረታ አዳራሽ እጁን የሚያነሣ ሰው የሚገዛው አፈሩን ሳይሆን ዘመኑን ነው።

የዘመኑ ነገር ለቅይጥ ሕንፃ በተለይ ይከብዳል። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል፤ ለንግድ በአዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት፤ ስማቸው ተለይቶ ላልተጠቀሱ ሌሎች አገልግሎቶችም እንዲሁ 60ና 70 ዓመት። አንድ ቦታ አንድ ካርታ፣ አንድ ውልና አንድ የማብቂያ ቀን ብቻ ስላለው፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በ«ንግድ» ስም የተፈረመ ውል በላይኛው ፎቅ የሚኖረውንም ቤተሰብ በ70 ዓመት ይለካዋል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት በውሉ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዓይነት በከተማው ፕላን ለዚያ ቦታ ከተመደበው አገልግሎት ጋር መግጠሙን፣ ለንግድና ለመኖሪያ የተፈቀደው ድርሻና የፎቁ ቁጥር በግልጽ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ፕላኑ ጂ ፕላስ አራት (ምድር ቤትና ከላዩ አራት ፎቅ) የጠየቀበት ቦታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ ሠርቶ መቀመጥ አይቻልም፤ አገልግሎቱንም ያለ ፈቃድ መቀየር ውል ማፍረስ ነው።

ቦታው በሁለት መንገድ ይገኛል፤ በጨረታና በምደባ። ምደባ በዋናነት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማትና ሕጉ ለይቶ ለጠቀሳቸው ጉዳዮች የተተወ በመሆኑ፣ ተራው ነጋዴ የሚያውቀው መንገድ ጨረታው ነው። አሸናፊው የሚለየው በካሬ ሜትር ባቀረበው ዋጋና በቅድሚያ ለመክፈል በተስማማበት መጠን ነው። ለጨረታ የሚቀርብ መሬት ከይገባኛል ክርክር ነጻ የሆነ፣ ከፕላኑ ጋር የተጣጣመ፣ መሠረተ ልማት የደረሰለት፣ ተሸንሽኖ መለያ ቁጥር የተሰጠው መሆን አለበት። ይህን ግዴታ ሕጉ የጣለው በመንግሥት ላይ ቢሆንም፣ ተጫራቹ ሰነድ ገዝቶ ከመሄዱ በፊት ቦታው ድረስ ሄዶ መንገዱን፣ የውኃውን መስመርና የመብራቱን ምሰሶ በዓይኑ ቢያይ ይበጀዋል፤ የወሰን ችካሉንም ቢቆጥር አይከፋም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 500 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 4,000 ብር አሸነፍን እንበል፤ ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው 2,000,000 ብር ይሆናል። አዋጁ ቢያንስ 10 በመቶ በቅድሚያ እንዲከፈል ስለሚያዝ 200,000 ብር ከፍለን ውል ፈረምን፤ የቀረው 1,800,000 ብር በየዓመቱ እኩል እየተከፈለ በ40 ዓመት ያልቃል ብንል በዓመት 45,000 ብር ነው። ይህን ሰምቶ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ባልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ላይ በባንክ የብድር መጣኔ ወለድ እንደሚታሰብ ረስቷል። ወለዱን 10 በመቶ ብናደርገው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 180,000 ብር፣ ማለትም የዋናው ክፍያ አራት እጥፍ ይሆናል። ዕዳው በየዓመቱ እየቀነሰ ወለዱም አብሮ ቢቀንስ እንኳ፣ በ40 ዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው ወለድ ተደምሮ 3,690,000 ብር ይደርሳል፤ 2,000,000 የተባለው ቦታ 5,690,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። ያው ሰው በቅድሚያ ግማሹን ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ወለዱ 2,050,000 ብር ላይ በቆመ ነበር። በካሬ ሜትር የተጠራው ዋጋ ስለዚህ የሒሳቡ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ዋናውን ቁጥር የሚወስኑት ቅድሚያ ክፍያው፣ የክፍያው ዘመንና ወለዱ ናቸው።

ይህ ማለት ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለሊዙ መክፈል ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ውሉ ግንባታውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጀምሮ መጨረስን ያስገድዳል። ቦታውን አስይዞ ከባንክ መበደር ቢታሰብም፣ ሕጉ የሊዝ መብትን በመያዣነት የሚፈቅደው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ ልክ ብቻ ስለሆነ፣ በምሳሌአችን ያለው ሰው ባዶ መሬቱን ይዞ ባንክ ቢሄድ የሚያስይዘው የ200,000 ብር መብት ነው። የፎቁ ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ የግንባታው ወጪ ገና ከመሬት በታች ይጀምራል፤ በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው መረሬ አፈር መሠረቱን ጠልቆ መቆፈርን ወይም አፈሩን አውጥቶ በሌላ መሙላትን ስለሚጠይቅ፣ የአፈር ምርመራው ከጨረታው በኋላ ሳይሆን በፊት ቢታሰብ መልካም ነው። ደብረ ሲና ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ተዳፋቱ ደጋፊ ግንብ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ሕንፃ ሲያልቅም ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሰው አይገባበትም።

«ካልተሳካልኝ ቦታውን አሳልፌ አተርፋለሁ» የሚለው ሐሳብም ብዙ አያዋጣም። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሹ ሳይደርስ መብቱን ማስተላለፍ የሚቻለው ሕጉ ባስቀመጠው ግልጽ ሥርዓት ሲሆን፣ አስተላላፊው የሚወስደው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከነወለዱ፣ ሠርቶ ከሆነ የሥራውን ዋጋ፣ ከሚተላለፍበት የሊዝ ዋጋ ደግሞ 5 በመቶውን ብቻ ነው፤ የተረፈው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። እኔ ይህን ድንጋጌ እደግፈዋለሁ፤ በከተማ መሐል ታጥሮ ዓመታት የሚቀመጥ ቦታ ጎረቤቱን ሁሉ ይጎዳል።

ከአባት ከእናት በወረሱት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ በተያዘ የቆየ ቦታ ላይ ያሉ ቤተሰቦች የሊዙ ጉዳይ የማይመለከታቸው ይመስላቸዋል። በውርስ እስከተላለፈ ድረስ እውነት ነው። ቤቱ በሽያጭ ወይም በስጦታ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለቤት መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነውና፣ በዋና መንገድ ዳር ላለ አሮጌ ቤት ገዢ የሚያቀርበውን ዋጋ ሲመዝኑ ይህም አብሮ መታሰብ አለበት።

ሕንፃው ቆሞ ሰው ከገባበት በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የጋራ አኗኗር ነው። ምድር ቤቱ ለአንዱ፣ ሦስተኛው ፎቅ ለሌላው ከተሸጠ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውኃ ታንከሩና ግቢው የማን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻ፣ የጋራ መጠቀሚያው ደግሞ በድርሻ እንዲያዝና ባለቤቶቹ በማኅበር እንዲያስተዳድሩት ያደርጋል። በንድፉ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ግን ከሕጉ ይቀድማል። የነዋሪው መግቢያ ከሱቁ ደንበኛ መግቢያ ይለይ፤ የምግብ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከልጆች መኝታ መስኮት ሥር አይሁን፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ መኖሪያው ፀሐይ በሚያገኝበት ወገን ይደረግ። የኅዳርን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን የመጨረሻውን ትንሽ ነገር አይለውም።

ማኅበሩ ከሁሉ በላይ በመዝገቡ ይዞ ለተተኪ ሊያስተላልፈው የሚገባው የእድሳቱን ጊዜ ነው። የሊዝ ዘመን ሲያልቅ በዚያን ጊዜው መነሻ ዋጋ ሊታደስ የሚችለው፣ ባለይዞታው ዘመኑ ሊያበቃ 10 ዓመት ሲቀረው ጀምሮ 2 ዓመት እስኪቀረው ባለው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ሲያመለክት ነው። በ2018 ዓ.ም. ለ70 ዓመት የተፈረመ ውል በ2088 ያበቃል፤ ማመልከቻው የሚገባው ከ2078 እስከ 2086 ነው፤ ያን ጊዜ የሚያመለክቱት ምናልባት ዛሬ ያልተወለዱት የፎቁ ነዋሪዎች ይሆናሉና፣ ቀኑ በእያንዳንዱ የቤት ሽያጭ ውል ላይ እንዲጻፍ ማድረግ የዛሬው ሠሪ ሥራ ነው።