የአየር ጠመንጃ ዒላማ ተኩስ በደሴ፦ ምን ያህል ትክክለኛነት ይጠበቃል?

የአየር ጠመንጃ ጥይቱን በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር ወይም በጋዝ ግፊት የሚወረውር መሣሪያ ነው። በደሴም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ መጀመሪያ የሚያየው በበዓል ሰሞን መንገድ ዳር በሚዘረጋ የዒላማ ጨዋታ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቱ ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ አቁሞ ለከፈለው መንገደኛ ጠመንጃውን ያቀብላል። አንዱ በመጀመሪያው ጥይት መሐሉን ሲመታ «ዓልሞ ተኳሽ» ይባላል፤ ሌላው ሲስት ጠመንጃው ጠማማ ነው ይላል። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ናቸው። ስሕተቱ በጠመንጃው፣ በጥይቱ፣ በተኳሹና በአየሩ መካከል የሚከፋፈል በመሆኑ፣ የትኛው ድርሻ የማን እንደሆነ መለየት የዚህ ልምምድ ዋናው እውቀት ነው።

መሣሪያው ኃይሉን በሚያገኝበት መንገድ በሦስት ይከፈላል። በብዛት የሚታየው ባለሞላው ነው፤ አፈሙዙ ሲታጠፍ ሞላው ይጨመቃል፣ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም አየሩን አምቆ ጥይቱን ያስወጣል። ሁለተኛው አስቀድሞ በፓምፕ ወይም ከሲሊንደር የታመቀ አየር በዕቃው ውስጥ የሚይዝ ሲሆን፣ ሦስተኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ነው። የተለመደው የጥይት ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። ጥይቱ ከእርሳስ የሚሠራና ወገቡ የጠበበ ሲሆን፣ ክፍት የሆነው ኋለኛ ጠርዙ በግፊት ተለጥጦ ከአፈሙዙ ውስጣዊ ጥርሶች ጋር ይገጥማል። ይህ ስስ ጠርዝ በኪስ ውስጥ ሲንገላታ ከተጎበጠ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል፤ ጠመንጃው ላይ ከሚሰማው ወቀሳ ብዙው በእርግጥ የዚህች የተጎበጠች ጠርዝ ጥፋት ነው።

ከዚህ መሣሪያ ሊገኝ የሚችለው የትክክለኛነት ጣሪያ የሚታየው በ10 ሜትር የኦሊምፒክ ውድድር ነው። ውድድሩ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ነበር። ተኳሹ ቆሞ፣ ድጋፍ ሳይኖረው፣ ከ5.5 ኪሎ ግራም በማይበልጥ ጠመንጃ ይተኩሳል። የዒላማው ጥቁር ክፍል 30.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ስላለው ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ነጥብ ደግሞ ስፋቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህም በእስክሪብቶ ጫፍ የምትጣል ነጥብ ያህል ማለት ነው። ጥይቱ ራሱ ከነጥቡ ዘጠኝ እጥፍ ይሰፋል። ውጤቱ እስከ አስርዮሽ ስለሚቆጠር አንድ ጥይት ቢበዛ 10.9 ያስገኛል፤ የ60 ጥይት ሙሉ ውጤትም 654.0 ነው።

ስለ ትክክለኛነት ሲነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል ተጠጋግተው ያርፋሉ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ያረፉበት ቦታ ከተፈለገው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። አምስት ጥይቶች ከመሐሉ ሦስት ሣንቲ ሜትር ወደ ግራ ርቀው ነገር ግን አንድ ላይ ተጠጋግተው ካረፉ፣ ጠመንጃውም ተኳሹም ደኅና ናቸው፤ የሚቀረው ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ብቻ ነው። ጥይቶቹ በወረቀቱ ላይ ሁሉ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን መነካካት ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ጀማሪ መሐሉን ከመምታቱ በፊት ጥይቶቹን መሰብሰብ መማር አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሰው ከያንዳንዱ ጥይት በኋላ ማነጣጠሪያውን እያሽከረከረ የገዛ ስሕተቱን ሲያሳድድ ይውላል።

መለኪያው ቀላል ነው፤ እጅግ የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለክቶ የጥይቱን ስፋት፣ ማለትም 4.5 ሚሊ ሜትር፣ መቀነስ ነው። ይሁንና የጥይቱ ብዛት ሳይነገር የሚቀርብ ልኬት ሚዛን የለውም። መበተኑ በአጋጣሚ ሕግ የሚመራ በመሆኑ፣ ምንም ነገር ሳይለወጥ ጥይት በተጨመረ ቁጥር ስብስቡ ይሰፋል፤ በስሌት ሲታይ የአምስት ጥይት ስብስብ ከሦስት ጥይቱ በአማካይ 27 በመቶ፣ የአሥሩም ከአምስቱ 24 በመቶ ያህል ይሰፋል። በመንገድ ዳሩ ጨዋታ በአንድ ጥይት የተገኘ ዝናም ሆነ በአንድ ጥይት የመጣ እፍረት ሚዛን የማይደፋው ለዚህ ነው። ሚዛናዊ ፍርድ ቢያንስ አምስት፣ ቢቻል አሥር ጥይት ይጠይቃል፤ ያመለጠችውንም ጥይት «እሷ አትቆጠርም» ሳይሉ መቁጠርን ይጨምራል።

በዚህ ልኬት ሲታይ፣ ለውድድር የተሠራ ጠመንጃ በ10 ሜትር በማሰሪያ ተይዞ ሲተኮስ ጥይቶቹን በአንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚያሳልፍ ያህል ይሰበስባል። ጥሩ ባለሞላ ጠመንጃ በለመደ እጅና በድጋፍ ሲተኮስ በ10 ሜትር አንድ ሣንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ሣንቲ ሜትር ቢሰበስብ የሚያስመሰግን ነው። ሞላው የደከመ፣ አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው የፒስተኑ ጎሚኒ የተበላና የማነጣጠሪያው ብሎን የላላ ጠመንጃ ግን በ10 ሜትር ብዙ ሣንቲ ሜትር ቢበትን አይገርምም። ያለ ድጋፍ ቆሞ የሚተኩስ ጀማሪም፣ በየትኛውም ጠመንጃ ቢሆን፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ውስጥ ሁሉንም ጥይት ካሳረፈ መልካም ጅምር ላይ ነው።

ከተኳሹ ስሕተቶች ትልቁ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች አሰላለፍ ላይ የሚፈጠር ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 50 ሣንቲ ሜትር ቢኖር፣ አሰላለፉ በአንድ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ጥይቱ በ10 ሜትር ላይ ሁለት ሣንቲ ሜትር ይርቃል። ዓይን ሦስት ነገሮችን እኩል አጥርቶ ማየት ስለማይችል፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጠርቶ፣ ዒላማው ትንሽ ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት፤ ጀማሪ ግን ዓይኑን ወደ ዒላማው ይልካል። ባለሞላው ጠመንጃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ፒስተኑ ሲፈናጠር ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከጫፍ ሲደርስ ወደ ፊት ይስበዋል፤ ይህም ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ገና ሳይወጣ ነው። አጥብቆ የያዘው እጅ እንቅስቃሴውን በየጊዜው በተለያየ መልክ ስለሚያዛባው፣ ጠመንጃውን ላላ አድርጎ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝ ይሻላል። ምላጩ ከተሳበ በኋላም ጥይቱ ወረቀቱን እስኪመታ ድረስ አለመንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ባለሞላውን ያለ ጥይት መተኮስ ግን አይገባም፤ የሚያቆመው ግፊት ስለማያገኝ ፒስተኑ በኃይል ይመታል፣ ሞላውና ጎሚኒውም ይጎዳሉ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ ሰው የአየሩን ልዩነት በትንፋሹ ያውቀዋል፤ ጥይትስ ያውቀዋል ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ርቀቱ ይለያያል። በደሴ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ጥይቱን የሚጎትተው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሆኖም በሴኮንድ 175 ሜትር ያህል የሚወረወር ጥይት 10 ሜትር ሲጓዝ በክብደቱ ምክንያት የሚወርደው ወደ 1.7 ሣንቲ ሜትር ነው፤ በአየሩ መሳሳት የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ደሴ ላይ በ10 ሜትር ቢስት ከፍታውን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ከፍታው በግልጽ የሚሰማው በፓምፕ ለሚሞላ ሰው ነው። በአንድ ምት የሚገባው አየር በባሕር ጠለል ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ በ60 ምት የሚሞላው ዕቃ ደሴ ላይ 80 ምት ያህል ይጠይቃል። ለባለጋዙ ጠመንጃ ደግሞ የደሴ ብርድ ከከፍታው ይከፋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 57 ባር ሲሆን፣ በ10 ዲግሪ ወደ 45 ባር ይወርዳል፤ በማለዳ ብርድ የተተኮሰ ጥይት ቀትር ላይ ከተተኮሰው ዝቅ ብሎ የሚያርፈው ስለዚህ ነው።

ነፋስ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥይቱ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን በጎን ነፋስ በቀላሉ ይገፋል፤ የሚገፋበትም መጠን ከርቀቱ ጋር እኩል ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ያህል ያድጋል። በ10 ሜትር ጥቂት ሚሊ ሜትር ያዛነፈ ለስላሳ ነፋስ፣ በ25 ሜትር ከስድስት እጥፍ በላይ ያዛንፋል። በጦሳ ተራራ ሥር፣ በገደልና በሸንተረር መካከል በተዘረጋችው ከተማ ነፋሱ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋውጥ፣ ረጅም ኮሪደር ወይም መጋዘን ያገኘ ሰው በ10 ሜትር ከጣራ በታች ቢለማመድ ስለ ራሱ ችሎታ እርግጠኛ መረጃ ያገኛል። ክረምት ላይ የሚወርደው ጉምም ወረቀቱን ስለሚያረጥበው ቀዳዳው ተቀዶ ለልኬት ያስቸግራል።

የደሴ አቀማመጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በደኅንነት ረገድ ነው። ቤቶቹ በተዳፋት ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ስለተሠሩ፣ ከላይኛው ግቢ ዒላማውን ያለፈ ጥይት ከታች ባለው ጎረቤት ግቢ ላይ ይወርዳል። ጥይቱ ከ200 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ በቅርብ ርቀት ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ስለሆነም ከዒላማው ኋላ ጥይቱን የሚውጥ ነገር መኖሩ ግዴታ ነው፤ አሸዋ ወይም አሮጌ ጨርቅ በደንብ የተጠቀጠቀበት ማዳበሪያ ከረጢት ለዚህ ይበቃል። ድንጋይ፣ ቆርቆሮና የግንብ ግድግዳ ግን ጥይቱን መልሰው ይወረውራሉ። የሚተኩሰውም አጠገቡ የቆመውም የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አለባቸው። ጠመንጃ ለመግዛት ወይም ለማስመጣት የሚያስብ ሰውም፣ አገሪቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያላት በመሆኑ፣ አስቀድሞ ፖሊስን ጠይቆ መረዳት ይጠበቅበታል። እርሳስ መርዛማ በመሆኑ፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ጥይት በአፍ አይያዝም፤ ከልምምድ በኋላም እንጀራ ከመቁረስ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።